ከመሪው ጀርባ ሁለት ክረምት

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው ወደ መተማ የወረድኩት። እንደ ሌላው የአገሬ ሰው ለአረምና ለአጨዳ አልነበረም። ለአረም ከደጋ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ እዚያ ሳሉግ ይሉታል፤ ሸሕዲ ከተማ ላይ ከመንገዱ ዳር ተኮልኩሎ ወደ እርሻ ወሳጁን ይጠብቃል። እኔ በዚያ ሰው መሀል ሳልፍ ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። እኔን የሚጠብቀኝ ትራክተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጎንደር የሚኖሩ፣ መተማ ቆላ ላይ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ሰውዬ ወደ እኛ ወደ ጎጃም ለዘመድ ለቅሶ መጥተው ሳርስ አዩኝ። ከማሳው ጥግ ቆመው ብዙ አዩ። ከዚያ ጠሩኝና ትልሜ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ ነው አሉኝ።

«ይህ ዓይን ለበሬ ብቻ መቅረት የለበትም። ና ውረድ፤ አንድ ክረምት ከኦፕሬተሬ ጋር ትለማመዳለህ፣ በሁለተኛው መሪውን አስረክብሃለሁ።»

እኔ ከቄስ ፊደል ከመቁጠሬ በቀር ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ልምምድ ሲሉኝ በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት የምገባ መሰለኝ። በሬዎቼንና መሬቴን ለሚስቴ ወንድም ሰጠሁ። ሚስቴ ልጃችንን ታቅፋ ወደ አባቷ ቤት ገባች። አማቼ አልወደዱትም፤ ቤቱን አፍርሶ ቆላ የሚወርድ ምን ዓይነት አባወራ ነው ብለዋል። እሷ ግን እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። «መሪውን የያዝክ ዕለት ላክብኝ» አለች። «ያን ዕለት ልጁን አዝዬ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን አባቴን ምን እላቸዋለሁ?» እየተማረ ነው በያቸው አልኳት።

ኦፕሬተሩ የሳንጃ ሰው ነው። ሱዳን ተሰዶ ብዙ ዘመን ትራክተር ሲነዳ የኖረ፣ ሲናደድም ሲስቅም ዓረብኛ ጣል የሚያደርግ። በመጣሁ ማግስት ትራክተሩ ወደሚጎትተው ሰፊ ማረሻ ወሰደኝ። ከላዩ ረጅም የዘር ሳጥን ተጭኗል፤ ከሳጥኑ ሥር ቱቦዎች ወደ መሬት ይወርዳሉ። ሰሊጡ በነዚያ ቱቦዎች ነው የሚዘራው። ሳጥኑ ላይ አውጥቶ ቦታህ እዚህ ነው አለኝ። ጀርባዬን ለእሱ ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ፣ አንዱን እጄን በብረቱ ይዤ ቆምኩ። ቱቦ ከተደፈነ በዱላ መምታት፣ እምቢ ካለ ሳጥኑን ደብድቤ ኦፕሬተሩን ማስቆም። ሥራዬ ይኸው ነው። የሞተሩ ጩኸት ሌላ ነገር አያሰማም።

«ዓይንህን ከዘሩ እንዳታነሳ፣ ያ ዞል» አለኝ እየሳቀ። ሱዳኖች ሰውየው ለማለት እንዲያ ይላሉ። «ፊት ለፊቱን እኔ አይልሃለሁ።»

እኔም ሳቅሁ። የመጀመሪያ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ አይደለም፣ ክረምቱ ሙሉ እዚያው ነበርኩ። ቱቦ ተደፍኖ ሳላይ ካለፍኩ ያን ጊዜ ማንም አያውቅም፤ ዘሩ ሲበቅል ግን ያ ቦታ ራሰ በራ ሆኖ ይወጣል፣ የእርሻው ባለቤትም መጥተው ጣታቸውን ይቀስሩበታል። ስለዚህ ፈራሁ። በሕልሜ ሳይቀር ቱቦ አያለሁ። አቧራው ከወገቤ በላይ ግራጫ አድርጎኝ ይውላል፤ ሠራተኞቹ ከማሳ ስወርድ ኩይሳው መጣ ይሉኛል። መሪውን የማየው ለምሳ ስንቆም ብቻ ነው፤ ያኔም ኦፕሬተሩ ቁልፉን ነቅሎ ከቀበቶው ያስራል።

በሁለተኛው ክረምት ባለቤቱን አስታወስኳቸው። ተለማመድ እንጂ ምን ያስቸኩልሃል፣ ከእሱ ጋር ተነጋገር አሉኝ። ተነጋገርኩ። በጥላ ሥር ቁጭ ብለን ነበር፤ ሥጋጃ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እግሩን አጣጥፎ ሲያዳምጠኝ ቆየ፣ አልሳቀም።

«አንተን ባስተምርህ እኔ ወዴት እሄዳለሁ?» አለኝ። «አንተ የምትመለስበት መሬት አለህ። እኔ ያለኝ ያቺ ወንበር ናት።»

ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ውሃውን አካፍሎኝ ይጠጣል፣ ወባ ሲጥለኝ በራሱ ጋቢ ሸፍኖኛል። ግን ነገሩ የዚያን ቀን ገባኝ፤ እኔን ማስተማር የማንም ሥራ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ወባ በተራው እሱን ጣለው። ዘር ግማሽ ላይ ነው። ሰማዩ በሱዳን በኩል ጠቁሯል፤ ዋልካ መሬት ደግሞ አንዴ ከዘነበበት ትራክተር እስከ ሆዱ ይውጣል፣ እስኪጠነክር ማንም አይገባበትም። ባለቤቱ በፒክአፕ ከሸሕዲ ከንፈው መጡ። ኦፕሬተሩን ከምናድርበት ዳስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል ውጣ። ያልኩህ ቀን ዛሬ ነው» አሉ። ቁልፉን ራሱ ኦፕሬተሩ ከቀበቶው ፈቶ ሰጠኝ፤ ዓይኑን ግን አላነሳም።

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ሞተሩን ባለቤቱ ራሳቸው አስነስተው፣ እግሬንና እጄን የት እንደማደርግ በጥድፊያ ነግረውኝ ወረዱ። ሳጥኑ ላይ አንድ ሳሉግ አቆምን። ተነሳሁ። መሄድ ሄደ፤ መሪው በእጄ ነው። ሚስቴን አሰብኩ፣ ማን ወደ አገር እንደሚወጣና መልእክት እንደሚያደርስልኝ ሁሉ አሰብኩ።

ግን አንገቴ እምቢ አለኝ። ከኋላዬ ዘር እየወረደ ዝም ብዬ ፊት ለፊት ማየት አልቻልኩም። ቱቦው ተደፍኖ ይሆን እያልኩ እዞራለሁ። እመለሳለሁ፣ ደግሞ እዞራለሁ። በዞርኩ ቁጥር እጄም አብሮኝ ይዞራል። ያ ሳሉግ ሳጥኑን ሲደበድብ ቱቦ የተደፈነ መስሎኝ ይባስ ብዬ ዞርኩ። ለካ እሱ ወደ ፊት ዞሮ ኩይሳውን አይቶ ኖሯል። ትራክተሩ ኩይሳ ላይ ወጣ፣ የማረሻው ብረት ተጣመመ፣ ሞተሩ ጠፋ። ወዲያው ዝናቡ ጀመረ።

ባለቤቱ በዝናቡ ውስጥ በእግራቸው መጡ። አልጮኹም። ጠማማውን ትልም እስከ መጨረሻው አዩት።

«ሁለት ክረምት ምን ስትማር ነበር?» አሉኝ።

መልሱ ከኋላችን ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ያ ሳሉግ ብረቱን ይዞ ቆሟል። ኦፕሬተሩ እስኪድን ሌላ ሰው ከሱዳን በኩል አስመጡ። እኔን ወደ ሳጥንህ ተመለስ አሉኝ፤ ተመለስኩ።

ዘሩ ሲበቅል የኔ ትልም ከሩቅ ይታይ ነበር። እንደ እባብ ተጣሞ፣ አንድም ራሰ በራ ሳይኖረው፣ ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ሆነ። የሚያልፉ ሹፌሮች ቆም ብለው እያዩ ይስቃሉ፤ የጎጃሜው መንገድ ብለው ስም አወጡለት። አጨዳው እስኪደርስ በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ።

የእኛ እርሻ አጨዳ ሲያልቅ አንድ የአገሬ ሰው ወደ ቤቱ ሊወጣ ሸሕዲ ላይ አገኘሁት። የሚስቴን ሰላምታ ከሌላ ሰው ሰምቶ ነበር። ልጁ ቆሞ እየሄደ ነው አለኝ፤ አማቼ ግን ልጄን እንዲህ ተንጠልጥላ አላስቀምጣትም፣ ወይ ይምጣ ወይ ይፍታት ማለት ጀምረዋል አለኝ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፣ ረዳቱ ሰው ይጠራል። አብሬው ልወጣ እችል ነበር። ግን ምን ሆኜ ነው የምገባው? ኦፕሬተር አልሆንኩ፤ መሬቱም የሰው እጅ ገብቷል።

«ምን ልበልልህ?» አለኝ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ።

ከደረጃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«ገና እየተማረ ነው በላት» አልኩት።

አውቶቡሱ ሄደ። እኔ መንገዱ ዳር፣ ወሳጅ ከሚጠብቁት ሳሉጎች መሀል፣ ቦታ ሰጥተውኝ ተቀመጥኩ።