አንገቷ የተላጠው ጫጩት

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ከእናቴና ከታላቅ ወንድሟ ከጋሽ ዳንጊሶ ጋር እንኖር ነበር። አባቴ ከዘመተ ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው እናቴ በምታረባቸው ዶሮዎች ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ መብራት ሲጠፋ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍም እየቆሰቆሱ ተረት ይነግሩኛል፤ ያኔ የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው እንኳ ካጠገባቸው አልነሳም ነበር።

አንድ ጊዜ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች አንዷ አንገቷ ላይ ላባ ሳታበቅል ቀረች። ጎረቤቶች «ገደቢስ ናት» አሉ፤ እናቴም ልትጥላት ተነሳች። ጫጩቷን በቀሚሴ ጠቅልዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አልሰጥም! ከኔ ምሳ ትብላ።»

«ተያት፣ ማርታ ታሳድጋት» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

የዚያን ምሽት ተረታቸው የጅብ አልነበረም። «ከብዙ ዘመን በፊት አንዲት ዶሮ ነበረች» ብለው ጀመሩ። ፍጥረት ሁሉ ገላው እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር ጽሑፍ ከወላጆቹ ይወርሳል አሉኝ፤ ጽሑፉ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ምንም አያመጣም፣ አንዳንዴ ይጎዳል፤ በዚያች ዶሮ ግን አንገት አራቁቶ ለልጆቿ ተላለፈ።

ወራት አልፈው የሀዋሳ ሙቀት ከረረ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ዶሮዎቻችን አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ፤ እንቁላል መጣል አቆሙ፤ ከዚያም በየተራ ይሞቱ ጀመር። የኔዋ ግን ትጭራለች፣ ትጥላለች። እናቴ እንቁላሏን አስታቀፈች፤ ከጫጩቶቹም ግማሾቹ አንገታቸው መላጣ ሆነ።

«ሙቀት እንደሚመጣ አውቃ ነው ላባዋን የተወችው!» አልኩ።

«አላወቀችም፣ ልጄ። ሙቀቱ ሳይመጣ ነው የተላጠችው። ሙቀቱ የሚተርፈውን ለየ እንጂ አልላጣትም። ዘር በብዙ ትውልድ የሚለወጠው እንዲህ ነው። ደጋ ብንኖር ኖሮ ቀድማ የምትሞተው እሷ ነበረች።»

እናቴ ይህን ስትሰማ የሰማችው ግማሹን ብቻ ነበር። በማግስቱ «ከእንግዲህ የማረባው መላጣ ብቻ ነው» ብላ ከሞት የተረፉትን ባለላባዎች ልታርድ ቢላዋ ሳለች። እንደገና ፊቷ ተገተርኩ።

«ብርድ ቢመጣስ?»

እናቴ ወንድሟን አየች፤ እሳቸው እየሳቁ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አብረው ይጭሩ ነበር።

ያ የፊደል ስህተት ሚውቴሽን እንደሚባል የተማርኩት ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤት ነው። የፈተናውን መልስ ረስቼዋለሁ። ነገር ግን ሰዎች ጥቅሙ ገና ያልታወቀን ነገር ለማጥፋት ሲጣደፉ ሳይ፣ እስከ ዛሬ ዝም ብዬ አላውቅም።