ሳታይ የምትጎነጉነው

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተማሪዎች በበዓል በር ላይ የሚሰቀል የስንዴ አገዳ ኮከብ ይሠራሉ። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ከመካከላቸው አንዱን ውጭ አገር ልኮ ያስተምራል። አዲስ ገቢዋ ተማሪ አጠገቧ ከተቀመጠችው ልጅ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ልጅ ትባል እንጂ፣ ሁለት ሹሩባዋና ሮዝ ሹራቧ ከታናሽ እህቷ የተዋሰቻቸው ይመስላሉ። በፕላስተር በተጠቀለለ አውራ ጣቷ አገዳውን እያጠፈች ሳታይ ትጎነጉናለች፤ የምታየው በሩን ነው።

«እህት፣ ስንተኛ ዓመትሽ ነው?»

«አንደኛ።»

«ኧረ እጅሽ እንደሱ አይልም!» ብላ አዲሷ ሳቀች።

ሴትየዋ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነውን ውጭ አገር አይልኩም። የድሮው ኃላፊ ዕድሜዬን ያውቅ ነበር፤ ይኼኛው አያውቀኝም። በናትሽ፣ ጉድ አታድርጊኝ።»

ወዲያው ኃላፊው ገባና ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ያይ ጀመር። ሴትየዋ አንድ ቋጠሮ ብቻ የቀረውን ኮከቧን ፈታታ በተነችው። ከዚያ አገዳዎቹን ወደ አዲሷ ገፋ አድርጋ፣ ኃላፊው እንዲሰማ ድምፅዋን እንደ ሕፃን አቀጠነች።

«እስቲ አሳዪኝ፣ ከየት ነው የሚጀመረው?»