መንገዱ ትንፋሽ ሲወስድ

እናቴ አዲሱን መንገድ ተሻግራ ስትጨርስ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳው ለማን ነበር? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ማየት ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። አምቦን ግን በእግሯ ታውቃታለች። ከደጃችን ወጥታ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ ትቆማለች፤ ቦዩን በዱላዋ ነካ አድርጋ ወደ ጉደር የሚወስደውን መንገድ ቀጥ ብላ ትሻገራለች። ማዶ ስትደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱ ላይ ፊት ለፊቷ ነው። እዚያው ጎንበስ ብላ ትሳለምና ጉዞዋን ትቀጥላለች። መሪ አትወድም። "እጄን ተይዤ የሄድኩ ቀን ቤቴ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ቄሱን ጥሩልኝ" ትል ነበር። ስትቀልድ አይደለም።

መስቀለኛ መንገዱን አደባባይ ሊያደርጉት የመጡት እሷ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ነው።

የማነብበት መስኮት መንገዱን ቁልቁል ያያል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ስለሆነ፣ ያመለጠኝን ለመያዝ ከዚያ መስኮት ብዙም አልለይም። ዶዘሩ በልጅነቴ የተንሸራተትኩበትን ቁልቁለት ጠዋት ጀምሮ ለምሳ ሳይደርስ ጠርጎ ወሰደው። ፈራሁ፤ ዓይኔን ግን መንቀል አልቻልኩም። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ እንጨት ገፋ ሲያደርግ መሬት ይነሣል! ወፍጮ ቤቱ ፈረሰ። ቦዩ ቱቦ ተቀብሮበት ተደፈነ። ቀይ አቧራው ሽሯችን ውስጥ፣ መጻሕፍቴ ገጾች መካከል ሳይቀር ገባ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስቀር ጀመር። ጎረቤታችን ባለሱቁ ደንበኛ እንዳይቀርበት ከበሩ እስከ መንገዱ ጣውላ ዘርግቶ፣ "እኔም ድልድይ ሠርቻለሁ፤ ምረቃው ነገ ነው፣ ሪባን ይዛችሁ ኑ" ይለን ነበር።

እናቴ አልሣቀችም። ቁልቁለቷ የለም፣ ወፍጮዋ የለም፣ ቦይዋ የለም። ቅዳሴውን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በድምፅ ማጉያ ሰማች። በዚያ ክረምት አነሰችብኝ። መጀመሪያ ወሬዋ ቀነሰ፣ ቀጥሎ እህሉ።

አስፋልቱ የፈሰሰ ዕለት፣ "ከኋላዬ ሁኚ እንጂ እንዳትነኪኝ" ብላኝ ወጣች። ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብላ መዳፏን አሳረፈችበት።

"ይሄ መንገድ ትኩሳት አለው እንዴ?"

አስፋልቱን የሚዳምጠውን ሮለር የሚነዳው ሰው ከላይ ሆኖ፣ "ገና መወለዱ ነው፣ አዮ!" አላት። በእኛ ሠፈር አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም አሮጊትን አዮ ይላል። ከወራት በኋላ ያን ቀን ሣቀች።

መንገዱ ካለቀ በኋላ አንድ ማለዳ ነጠላዋን ለበሰች።

"ልምጣ?"

"አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ።"

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። እናቴ ዜብራው ጫፍ ላይ ቆማለች። አይሱዙው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ ይጮኻል። ከዚያ በድንገት ሁሉም ዝም አለ። ያንን መስቀለኛ መንገድ ዝም ብሎ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ተሻገረች።

ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። "መንገድም እንደ ሰው ትንፋሽ ይወስዳል" አለችኝ። "ትንሽ መታገሥ ነው። ትንፋሹን ሲውጥ እሻገራለሁ።"

አመንኳት። የዚያን ቀን እሷን ብቻ ነበር ያየሁት። በማግስቱ ግን ዓይኔን ከእሷ አንሥቼ ዙሪያውን አየሁ። ማዶ ካለው የባጃጅ ተራ አንድ ሆዱ ገፋ ያለ ሾፌር ወርዶ መሐል አስፋልት ላይ ቆሟል። አንዱን እጁን ለአይሱዙው ዘርግቷል፤ የሌላውን ጣት ከንፈሩ ላይ አድርጓል። ባልደረቦቹ በሌላው አቅጣጫ አውቶቡሱን ይዘዋል። አንድም ቃል የለም። እናቴ በመካከላቸው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ብቻዋን ትሄዳለች።

እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። በየቀኑ ሆነ፤ ዓመታት ሆነ። ለማንም አልተነፈስኩም። አንድ ወሬ ጆሮዋ ከደረሰ እጄን ተይዣለሁ ብላ ቤቷ ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች ደግሞ አትነሣም።

ማዶ ስትደርስ እንደ ድሮዋ ጎንበስ ትላለች። ነገር ግን አደባባዩ መሻገሪያውን አዙሮታል። ዜብራው መሐል ላይ የጠርዝ ድንጋዩን ተከትሎ ይታጠፋል። ሲጨርሱት ፊት ለፊት ያለው የባጃጅ ተራው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በግራ ትከሻ በኩል ቀርቷል።

እናቴ ስታርፍ ሾፌሮቹ ለቅሶ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። ሐዘኑ በረድ ሲል አንድ የገበያ ቀን ወደ ተራው ሄድኩ። ያ ሾፌር ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

"ሳይ ነበር" አልኩት።

"ምኑን?"

"መኪና ስታስቆምላት። ከመስኮቱ።"

ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀ። "እኛ ደግሞ እህታችን መጽሐፏ ላይ ተደፍታ ምንም አታይም እንላለን! ኤጋ፣ ስሙ እንግዲህ፣ ስታየን ነበር አለች!" ብሎ ወደ ጓደኞቹ ጮኸ።

"እኔንስ አይታለች? አውቶቡሱን የማስቆመው እኔ ነኝ" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንተ ያስቆምከው አህያ ነው!" አለው ያ ሾፌር።

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "አዮ ግን ያውቁ ነበር። ተሻግረው ሲጨርሱ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱን ነበር። እኔን ሙስሊሙን ሰውዬ እንደ ታቦት! ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ስነግራት አታምነኝም።" ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ያልተጣራ ነገር አልፌ መሄድ አይሆንልኝም። ድሮ ከየት ተነሥታ የት ትደርስ እንደነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያኔ በየት በኩል እንደነበር አንድ በአንድ ነገርኩት። "መንገዱ እንደ ዞረ ላታውቅ ትችላለች" አልኩት።

ከባጃጁ ወርዶ ወደ ወዲያኛው ዳር ተሻገረ፤ ዓይኑን ጨፈነና የጠርዙን ድንጋይ በእግሩ እየዳሰሰ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ማንም ሳያዛቸው ባልደረቦቹ መኪኖቹን አስቆሙለት። ያ ጸጥታ፣ ከመስኮት ስሰማው የኖርኩት፣ በዙሪያዬ ወረደ።

ጨርሶ ሲቆም፣ "ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?" አልኩት።

ዓይኑን እንደጨፈነ ጣቱን ዘረጋ። ሲገልጠው ጣቱ ያመለከተው የራሱን ባጃጅ ነበር።

ጣቱን ትንሽ አየው። "እሺ፣ አዮ ጎንበስ ያሉት ለቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን እኛ ጋ ደርሷል" አለኝ፤ ከኋላው አይሱዙው እስኪጮኽበት ድረስም ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም።