ውሃው ሲሞላ

መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ የሴቶቹ ክፍል ሲከፈትልኝ መጀመሪያ ያየሁት በሩ ሥር የተከመረ ጫማ ነው። ሰባት ሴቶች አንድ ሰሌን ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ከሳዑዲ ከተመለስኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር። የያዙኝ ስልኬ ላይ የተቃውሞ ሰልፍ ቪዲዮ አግኝተው ነው።

«ነይ እዚህ፣ አብሽሪ» አሉኝ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ጠጋ ብለው ቦታ እየለቀቁልኝ። የወግዲ ገበሬ ናቸው፤ ሰልፍ ወጥቶ በተሰወረ ልጃቸው ፋንታ የታሰሩ። እትዬ እላቸው ጀመር።

ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር። ሴቶቹ ስለ ዓረብ አገር አውሪን ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣልኝ ማዳሜ ታየው የነበረ ድራማ ነው። ከኋላዋ ቆሜ ልብስ እየተኮስኩ ነው ያየሁት፤ ዓረብኛውም ግማሹ አይገባኝም። አንድ ቤት አለ። በዚያ ቤት ሰው በዋሸ ቁጥር የጓሮው ጉድጓድ ውሃ ይጨምራል። የሚሞት ሰው ሲኖር ነፋስ በሩን ይከፍታል። ምድጃው ውስጥ ማንም ያላነደደው እሳት አለ። ለምን እንደሆነ አይነገርም። ያልገባኝን ከራሴ እየሞላሁ ተረኩላቸው። «ውሃው ሲሞላ እሳቱ ይጠፋል» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ዋርድያው በር ሲከፍት «ነፋሱ መጣ!» ይባባላሉ።

«ማንን ሊወስድ ይሆን?»

«አንቺን ነዋ! ማታ ስታንኮራፊ ማን አስተኛን?»

እትዬ ደግሞ ሽሮው ሲቀጥንብን ሳህኑን ዘንበል አድርገው «ውሃውስ ሞልቷል፤ እሳቱ መቼ ነው የሚጠፋው?» ይሉና ያስቁናል።

ማን እንዳወራ አላውቅም። አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወረቀት ላይ «ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት» ብሎ ጽፎ ከጎናቸው ባዶ ቦታ ትቷል።

«እሳቱ መንግሥት ነው፣ አይደል? ውሃው ማነው?»

«ድራማ ነው ጌታዬ።»

«ርዕሱስ?»

ርዕሱን አላውቀውም።

«‹እሳቱ ይጠፋል› ያለው ማነው?»

በማግስቱ የእትዬ ወንድም ዋስ ሊሆናቸው ሊመጣ ነበር። ይህን እያወቅኩ «እትዬ ናቸው» አልኩ።

ዋስትናው ተከለከለ። ወንድማቸው ከበር ተመለሰ። እትዬ ማን እንደተናገረባቸው አልጠየቁም።

ቀትር ላይ በሩን ደበደብኩ። መርማሪው ፊት ቆሜ «ቃሉ የኔ ነው። እሳቸው የደገሙት የኔን ነው። በኔ ላይ ጻፉት» አልኩ።

«ትናንትስ?»

«ትናንት ፈርቼ ነበር።»

ጻፈው። ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ። ለእትዬ ግን አልጠቀማቸውም፤ በዚያው ሳምንት ወደ ደሴ ወሰዷቸው። ጫማቸውን እየፈለጉ «ልጄ፣ መጨረሻውን ሳትነግሪኝ» አሉኝ። ልነግራቸው የሚገባኝ ሌላ ነገር ነበር። ጫማቸውን ከክምሩ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

እኔም በኋላ ተፈታሁ። እትዬም ተፈትተው ወግዲ እንደገቡ ከሰማሁ ቆየሁ። ሁለት ጊዜ የወግዲ ሚኒባስ ተሳፍሬ መንገድ ላይ ወርጃለሁ። መርማሪ ፊት የቆመ እግሬ እሳቸው ደጅ አልደርስ አለ።