የእትዬ ሰባት ቀን

የአባቴን ታላቅ እህት ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ስለ ደግነታቸው ሌላው ይጻፍ፤ እኔ የምጽፈው ስለ ሰባቱ ቀን ነው።

እትዬ የሳንታ ሞኒካን ባሕር እንደ አዲስ አበባው ፍል ውሃ ነበር የያዙት። በየሰመሩ፣ ሙቀቱ በገባ ቁጥር፣ ለጉልበታቸው ሰባት ቀን በተከታታይ ይነከራሉ፤ አንድ ቀን ከተጓደለ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ከሰፈራችን ከፌርፋክስ መኪናውን ድራይቭ የማደርገው እኔ ስለሆንኩ ቤተሰቡ በሙሉ ምሳውን ቋጥሮ አሮጌዋ ቮልስዋገኔ ውስጥ ይታጨቃል።

አምና በስድስተኛው ቀን ሰለቸኝና ከጓደኞቼ ጋር ሆሊውድ ሄጄ ቀረሁ። ስመለስ ቁጣ ስጠብቅ፣ "ይሁን፣ ነገ ከአንድ እንጀምራለን" አሉኝ። ጭራሽ ደስ ያላቸው መሰለኝ።

በማግስቱ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ሳሉ፣ "እትዬ፣ እውነት ጉልበትዎን ተሻለዎት?" አልኳቸው።

"ጉልበቴማ ካቻምና ድኗል።"

"ታዲያ ለምን ያንከራትቱናል?"

"እግርሽ አያርፍም። አንቺን ቁጭ ብለሽ የማይሽ እዚህ ብቻ ነው። አባትሽስ ሲስቅ ሌላ የት ሰምተሻል?"

ሰባቱንም ቀን ወሰድኳቸው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት አረፉ። ሰመር ሲገባ ያለ እሳቸው ባሕር ወረድን። ልጆቹ ዋኙ፣ አባቴም ኳስ ሲያባርር ወድቆ ሳቀ። እትዬ ጋቢያቸውን የሚያነጥፉበት አሸዋ ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ አትቀመጡ ያለ ግን አልነበረም። እኔ ከዚያ ባዶ ቦታ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

"ዛሬ ምን ነካሽ? አትነሺም እንዴ?" አለኝ ወንድሜ።

"አልነሳም። ለነገም ምሳ ቋጥሩ" አልኩት።