ሃያ ሦስት ቀይ ክብ

ልጄ እዚሁ ደባርቅ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ባለፈው እሁድ ከሰዓት የተማሪዎቿን ድርሰት ቆልላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ስህተቱን በቀይ እየከበበች ወረቀቱን ወደኔ ትገፋዋለች።

«እማዬ፣ ቀዮቹን ቁጠሪና ድምሩን ራስጌው ላይ ጻፊልኝ። አንቺ ቆጥረሽ ተሳስተሽ አታውቂም።»

እውነቷን ነው። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የምነካ ሰው ነኝ። ሰው ጠንቃቃ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ሁለቱን ወረቀት ቆጠርሁ። ሦስተኛው ከላይ እስከታች ቀልቶ ሳየው ግን ብርቄ ትዝ አለችኝ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። እኔ ከዳባት ገጠር፣ እሷ ከጃናሞራ በኩል መጥተን፣ ደባርቅ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ቅዳሜ ወደየቤታችን ሄደን የሳምንት ስንቅ እናመጣለን፤ ድርቆሽ፣ የገብስ ቆሎ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ። የሷ መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ነው። እሁድ አመሻሽ ላይ ጭጋግ ያራሰውን ነጠላዋን እየጨመቀች ስትገባ፣ ገና ከበር ሳቋ ይቀድማታል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ተማሪ የበዛበት ሰው ነበር። ሰሌዳው ጥግ ላይ የማይጠፋ ዝርዝር ጽፎልናል፤ ግሱ ላይ ኤስ መርሳት፣ ያለፈውን ከአሁኑ መደባለቅ፣ ነጠላውን ከብዙ ማምታታት። ድርሰቱን ራሱ አያርምም። ቀይ እስክርቢቶውን ለአንድ ተማሪ ይሰጣል፤ ያ ተማሪ ከብቦ፣ ቆጥሮ ይመልሳል። ብዙ ስህተት የተገኘበት ደግሞ ፊት ቆሞ የገዛ ወረቀቱን ያነባል፤ ቀዩ ላይ በደረሰ ቁጥር አራሚው እጁን ሲያነሳ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ስህተት!» ይላል። ከኔ በፊት ታርም የነበረችው ልጅ የጓደኛዋን ስህተት ስታልፍ ተይዛ ባንዲራው ሥር ጠጠር ላይ ተንበርክካለች። እስክርቢቶው ለኔ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። የያዘው ሰው ክፍል አይጠርግም፣ አይገረፍም።

ኅዳር ውስጥ «የወደፊት ሕይወቴ» የሚል ድርሰት አዘዘን። ወረቀቶቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ኪራይ ክፍላችን ስንመለስ ብርቄ ክንዴን ያዘችኝ።

«እቴ፣ የኔን ከሁሉ በላይ አድርጊልኝ። ቲቸር ሳይሰለቸው እንዲያነበው።»

«ምን ጽፈሽ ነው?»

«ለሱ ነው። ባማርኛ በአፌ አላወጣውም፣ አፍራለሁ። ሁሉን እንኳ ባይሆን ስህተቱን ትንሽ ተይልኝ፤ ከበዛ ሳያየው ይቀራል።»

«ልተውልሽና እኔ ጠጠር ላይ ልንበርከክ?»

«ኧረ ተይኝ! እስክርቢቶ ከያዝሽ ወዲህማ ዳኛ ሆነሻል» ብላ ሳቀች። ቆሎዋን ግን አካፈለችኝ።

ወረቀቷን አነበብሁት። አባቷ ለአንድ ሰው እንደሰጣት፣ ሠርጉ ለጥር እንደተቆረጠ፣ መምህሩ አባቷ ዘንድ ልኮ «ጎበዝ ናት፣ ትማር» ቢልላት እንደሚሰማው ጽፋለች። ሁሉም ገባኝ። ገብቶኝም ቀዩን አነሳሁ። አንድ አላለፍሁም። ሃያ ሦስት ሆነ። ድጋሚ ቆጠርሁ፤ ሃያ ሦስት። እውነቱን ልናገር ካልሁ፣ ያን ያህል በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ወረቀቷንም ከሌሎቹ መሀል ከተትሁት፤ ከላይ ባደርገው ያደላሁ ይመስልብኛል ብዬ።

በማግስቱ መምህሩ ክምሩን ሳይገልጥ «ማን በለጠ?» አለኝ።

«ብርቄ፣ ቲቸር። ሃያ ሦስት።»

ፊት ቆማ አነበበች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጣቴን መስመሩ ላይ አስከትላለሁ። «አባቴ ለሰው ሰጠኝ» የሚለው ላይ እጄን አነሳሁ፤ «ስህተት!» አሉ። «እባክዎ ይርዱኝ» የሚለው ላይ አነሳሁ፤ «ስህተት!» አሉ። ከኋላ አንዱ ጠረጴዛ እየደበደበ ይቆጥራል። መምህሩ ሳይቀር ፈገግ አለ። ብርቄ አልቸኮለችም። እያንዳንዱን ቃል ለሱ ብቻ የምትነግረው ይመስል ዓይን ዓይኑን እያየች እስከመጨረሻው አነበበችው። ስትጨርስም አልተቀመጠችም።

«ገባዎት፣ ቲቸር?» አለችው በቀስታ።

«ምኑ ይገባኛል! ይሄ እንግሊዝኛ ነው የገብስ ቆሎ? ተቀመጪ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የገባኝ እኔ ነበርሁ። «እንዲህ እያለች እኮ ነው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። እስክርቢቶውን ጨብጬ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። እሷም እኔን አላየችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ስትወጣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። «ድርቆሹን ጨርሺው» አለችኝ። እሁድ አልመጣችም። እስከ ረቡዕ የሷን ስንቅ በላሁ።

ከዓመት በኋላ ገበያ ውስጥ ልጅ አዝላ አየኋት። ልሸሸግ ስል ከሩቅ ጠራችኝ።

«ሃያ ሦስት! እንደምን አለሽ?» እየሳቀች ነው። አብረዋት ያሉት ሴቶች ስሜ መስሏቸው እነሱም በዚያው ስም ሰላም አሉኝ። እግዜር ይመስገን ብዬ አለፍሁ።

እኔም ከስምንተኛ አላለፍሁም፤ ሒሳብ ጣለኝ። እንግሊዝኛውንስ በደንብ አልፌ ነበር።

ያ እንግሊዝኛ ዛሬ ጠፍቶብኛል፤ የሚታየኝ ቀዩ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ወረቀት ይዤ ልጄን ጠየቅኋት።

«ይቺ ልጅ ምን እያለች ነው?»

«ማ? ኧረ እኔ ሰዋስዉን ነው የማየው፣ እማዬ። ስንት ሆነ?»

«አንብቢልኝ እስቲ።»

«ሰማንያ ወረቀት እኮ ነው! ስንት ሆነ?»

አሥራ ዘጠኝ ነበር። ነገርኋት። ስለ ብርቄ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም፣ ያን ቀንም አልነገርኋት። ሁሉንም ቆጥሬ ስጨርስ ያቺን ወረቀት ፈልጌ ከክምሩ በላይ አደረግኋት። ልጄ ሳታያት ክምሩን በላስቲክ አስራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ተባረኪ እማዬ» አለችኝ። «አንድም አልተሳሳትሽም።»