የሐሰት ምስክሩ አውራ ጣት

«ድፍን መዝገብ» የተባለውን የወንጀል ድራማ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኢንስፔክተሩ ነው። ስለ ቆዳ ጃኬቱ፣ ስለ አረማመዱ፣ መነጽሩን አውልቆ ተጠርጣሪው ላይ ስለሚያፈጥበት ዓይኑ። ያውሩ፤ አልቃወምም። እኔን ልቤን የሚወስዱት ግን ከሱ ኋላ ያሉት ናቸው። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ሻይ የምታቀርበዋን ሴት አስተውላችኋታል? በአሥራ አራት ክፍል ውስጥ የተናገረችው ቢሰበሰብ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ነገር ግን የሟች እናት ስትገባ፣ ሳትጠይቃት ሦስት ማንኪያ ስኳር ትጨምርላታለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ እዚያ ላይ አለቀስኩ። መዝገብ ቤቱ ያለው ሰውዬስ? ፋይል ባወጣ ቁጥር አቧራውን የሚያራግፈው ወደ አለቃው ወንበር ነው! ይህን ማንም አላዘዘውም፤ ከራሱ ያመጣው ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን በአሥራ አራተኛው ክፍል ለስድስት ደቂቃ ብቻ የታዩትን የሐሰት ምስክር ነው። አውቃቸዋለሁ። ኮታቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

አያ ስመኘው ይባላሉ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ መንደር በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ፣ ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላቸው ገበሬ ናቸው። አባታቸው የአዊ ሰው ስለነበሩ አገውኛም ይችላሉ፤ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲቀልዱ በአገውኛ ነው። አገሬው የሚያውቃቸው ግን በሽምግልናቸው ነው። ወሰን የተጋፋ፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣ ከወንድሙ የተቀያየመ ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። ብዙ አይናገሩም። ሁለቱም ወገን ተናግሮ እስኪደክመው ይጠብቁና፣ «እንግዲህ ከጨረሳችሁ እውነቱን ንገሩኝ» ይላሉ።

ድራማ ውስጥ የገቡት በኔ በረንዳ ነው። ስሜ ይታገሱ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። አምና የድራማው ሰዎች ልብስ ሊያሰፉ ሱቄ በመጡ ቀን፣ አያ ስመኘው የበርበሬ ጆንያቸውን በረንዳዬ ላይ አስደግፈው ከአንድ ነጋዴ ጋር ይከራከሩ ነበር። ነጋዴው ይለፈልፋል፤ እሳቸው ዝም ብለው ያዩታል። ነጋዴው ጨምሮ ይለፈልፋል፤ እሳቸው ጨምረው ዝም ይላሉ። ዳይሬክተሩ ሜትሬን እጁ ላይ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«አባት፣ እኛ ጋ መጥተው ይሠራሉ?» አላቸው።

«ምን ልሠራ?»

«ፍርድ ቤት ቆመው በሐሰት ይመሰክራሉ።»

«ዕድሜ ልኬን ተቀምጬ ስሰማው የኖርኩትን?» አሉ አያ ስመኘው። «እሱንማ እችለዋለሁ።»

ቀረጻው እዚሁ ከተማ፣ ፍርድ ቤት እንዲመስል በተሰናዳ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እኔም መርፌና ክር ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። መሐላው ላይ ሲደርሱ አንዱ ሠራተኛ ወንጌል ይዞ መጣ። አያ ስመኘው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ይኸማ አይሆንም። መዋሸቱን እዋሽላችኋለሁ፤ ወንጌሉን ግን ወደ ቦታው መልሱ።»

ለመኗቸው፤ እምቢ አሉ። ሥራ ቆመ። እኔ ነኝ ያዳንኳቸው! የልኬት ደብተሬን ሰጠሁ። በቀይ ከፋይ ጠቀለሉት፤ ቁርጥ ወንጌል መሰለ። አያ ስመኘውም የፍኖተ ሰላም ሰው ወገብና ትከሻ በተጻፈበት ደብተር ላይ መዳፋቸውን ጭነው ማሉ፤ ከዚያም አንድ ንጹሕ ሹፌር ሰው ሲገድል አይቻለሁ ብለው መሰከሩ።

እንዴት አድርገው መሰላችሁ! ድምፃቸው ንቅንቅ አላለም፤ ዓይናቸውም ዳኛው ላይ ተተክሏል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ግን ቀስ ብሎ ወደ ኮታቸው ሁለተኛ ቁልፍ ሄደና ያሸው ጀመር። ያሸዋል፣ ይተወዋል፣ ያሸዋል። እኔ ቂሉ ቁልፉ ላልቶ መስሎኝ እረፍት ሲሆን መርፌዬን ይዤ ሮጥኩ።

«ተው ይታገሱ፣ ቁልፉ ደህና ነው» አሉኝ። «ሰው በአፉ ብቻ አይዋሽም። አንዱ ጆሮውን ይነካል፣ አንዱ ጉልበቱን ያሻል። ይኼ ሰውዬ ደግሞ ቁልፍ ያሻል።»

ይኼ ሰውዬ! ራሳቸው የሚጫወቱትን ሰው እኮ ነው እንደ ባዕድ የሚጠሩት። በዚያች ቃል ደስታ አሰከረኝ።

ክፍሉ የተላለፈው እሑድ ከሰዓት ነው። ከሳቸው ጋር ለማየት ወደ መንደራቸው ሄድኩ። ፍሬሕይወት የምትባል ሴት ሻይ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አላት፤ መንደሩ ሁሉ ተጠቅጥቆ ነበር። አያ ስመኘው አዲስ ጋቢ ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። እኔ ግን ድራማውን ትቼ ሰዉን አያለሁ። ሲምሉ ጊዜ አንዷ «ኧረ በማርያም!» አለች። ሹፌሩ ታስሮ ሲወሰድ ሴቶቹ አለቀሱ። አለቀ። ማንም አላጨበጨበም።

ሰይፈ የሚባል ሰው ተነሣ። ሰይፈ ከጎረቤቱ ከእመት ሲሳይነሽ ጋር በእርሻ ወሰን ሲጋጭ የከረመ ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ አያ ስመኘው ሊሸመግሏቸው ሁለቱም ተስማምተው ነበር።

«አያ ስመኘው፣ አይቀየሙኝ፤ እኔ ሌላ ሽማግሌ እፈልጋለሁ።»

«ምነው ልጄ?»

«ወንጌል ጨብጠው በሐሰት ሲምሉ በዓይኔ አየሁ። እኔ ብቻም አይደለሁ።»

«ኧረ ጨዋታ ነው!» አለች ፍሬሕይወት።

«መሐላም ጨዋታ አለው?»

አላስቻለኝም። «ወንጌል አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «የኔ የልኬት ደብተር ነው! ያንተም ወገብ አለበት፣ ሰይፈ!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሰይፈ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ደብተር ይሁን እሺ። እጁስ የማን ነበር? አፉስ የማን ነበር?»

ያን ጊዜ የሚስቅ ጠፋ።

በዚያው ሳምንት እሳቸውን ጠርተው የነበሩ ባልና ሚስት ሌላ ሽማግሌ ይዘው ታረቁ። እሳቸው ከደጀ ሰላም ሲወጡ ወትሮ ከበው ያወሯቸው የነበሩ ሰዎች ሰላምታ ብቻ ሰጥተው አለፉ። ሐሙስ ዕለት አያ ስመኘው ሱቄ መጥተው የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምሬ ላይ ተቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን በስድስት ደቂቃ ናድሁት» አሉኝ።

«እንዴት እንደሠሩት ልንገራቸው? ጣቱን፣ ቁልፉን፣ ሁሉንም አስበው እንዳመጡት?»

«እንዳትሞክረው! ላመነኝ ሰው፣ ላለቀሰው ሰው፣ ተታልለሃል ልበለው? ሽምግልናዬ ይቅር።»

ከዚያ በኋላ ስለ ኢንስፔክተሩ የሚያወራኝ ሰው ቢመጣ ከሱቄ አስወጣው ነበር።

እሑድ ደረሰ። እመት ሲሳይነሽ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ሰበሰቡ። ሰባውን ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። እኔም ሄጃለሁ፤ እንዴት እቀራለሁ?

«ስመኘው፣ ና ቁምልኝ» አሉ። «እስቲ ዋሸኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ወሰኑ የሲሳይነሽ ነው፣ ድንጋዩ ሲተከል አይቻለሁ በል። እንደ ቴሌቪዥኑ አድርገህ።»

አያ ስመኘው መሬት መሬት አዩ። ካሜራ የለም፣ መብራት የለም፤ ያለው የሚያውቃቸው ሰው ዓይን ብቻ ነው።

«አልምልም» አሉ።

«አትማል። ዋሽ ብቻ።»

ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ያ እኔ የሰፋሁት ኮት ከሥር አለ። «ድንጋዩ ሲተከል ነበርኩ» ብለው ጀመሩ፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ድንጋዩን የጎተቱትን በሬዎች ቀለም ሳይቀር ዘረዘሩ። እኔ ራሴ ላምናቸው ምንም አልቀረኝ። አውራ ጣቱም ቀስ ብሎ ወደ ሁለተኛው ቁልፍ ሄደ።

«ጣታቸው!» አለ ሰይፈ። «ጣታቸውን እዩ!»

«አየኸው?» አሉት እመት ሲሳይነሽ። «እኔ ያኔውኑ በቴሌቪዥኑ አይቼዋለሁ። ይኼን ሰው አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። የባሌን ቤተ ዘመድ ሲያስታርቅ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ያቺ ጣት አንድም ቀን ተነቃንቃ አታውቅም። ሲዋሽ የሚታወቅ ሽማግሌ ከዚህ ሌላ ከየት ታመጣለህ? የሌሎቹን ምልክት ማን ያውቃል?»

ሰይፈ፣ «ጋቢያቸውን ያውልቁ እንግዲያ» አለ። «እጃቸው ይታይ።»

አወለቁ። በዚያ ነፋስ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ሸመገሉ። አፋቸውን ያየ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡ ሁሉ አውራ ጣታቸው ላይ አፍጥጧል። ወደ እርሻው ወርደው ድንጋዩን አዩ፣ ድንጋዩ ጥንት ተተክሎበት የነበረውን ጉድጓድ ቆፍረው አገኙ፣ ተመለሱ፣ ተቀመጡ። ፍርዱ ሦስት እርምጃ መሬት ወደ ሰይፈ የሚመልስ ሆነ።

እመት ሲሳይነሽ ጎንበስ ብለው ጣቱን አዩት። ጉልበት ላይ እንደተዘረጋ ነው።

«ይሁን» አሉ። «የሱ ነው።»

ሰይፈ ተነሥቶ ጋቢውን ራሱ አለበሳቸው፤ ጉልበታቸውንም ሳመ።

አያ ስመኘው መኪና እስከምይዝበት አስፋልት ድረስ ሸኙኝ። ብቻችንን እስክንሆን ጠብቄ፣ «አያ፣ ጣቷን እኮ እርስዎ ነዎት የፈጠሯት!» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱና አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ያሹት ጀመር፤ እፎይ እያሉ።

«ይታገሱ፣ ቀኑን ሙሉ ስታሳክከኝ ዋለች» አሉኝ። «ልሞት ነበር!»

ቀጥለው የማልሰማውን አንድ ነገር በአገውኛ ተናገሩና፣ መኪናዬ እስክትመጣ ድረስ ብቻቸውን ሳቁ።